ከየኔሰው ሸሚዝ ሥር

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለአካለ ወልድ ወልደ ኪዳን፣ ጎዴ።

እንደምን ከርመሃል ወንድምዓለም? ጤናህ እንዴት ነው? ባለፈው ያንገላታህ ወባ ጨርሶ ለቀቀህ ወይ? ከአልጋ ስትነሣ ቀጭ የሚለው የቀኝ ጉልበትህስ? ሙቀቱን እንዴት ይዘኸዋል? አከራይህ ወይዘሮ ሐሊማ፣ የመድኃኒት ቤቱ ባልደረቦችህ፣ ደጃፍህን የሙጥኝ ያለው ያ ባለቤት የሌለው ውሻ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ ታናሽ እህትህ ስርጉት፣ ከናፍቆትህና ከአንድ አልለቅ ካለኝ ሐሳብ በቀር ምንም አልሆንኩም። ወገቤ እየጠነከረ ነው፣ ጡቴም ወተት አለው። አባታችን ፊደል ከቆጠርንበት ጊዜ ጀምሮ ሰላምታው ግማሽ ገጽ ያልሞላ ደብዳቤ እየቀደዱ ይጥሉብን ስለ ነበር፣ ይኸው በሠላሳ ሁለት ዓመቴም ግማሽ ገጹን ሳልሞላ ወሬ መጀመር ይከብደኛል። አሁን ስለ ሞላ ልጀምር።

እንኳን ደስ ያለህ፣ አጎት ሆነሃል። ሚያዝያ አንድ ቀን ረቡዕ ጠዋት፣ እዚሁ ቢቸና፣ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገልኩ። አፍንጫው ያንተ ነው፤ ቁጣውም ያንተው ነው። የፊታችን እሑድ አርባ ቀኑ ስለሚሞላ ክርስትና ይነሣል። ይህን ሁሉ በስልክ መስማት እንደነበረብህ አውቃለሁ። ግን መጀመሪያ ያንተ ስልክ ጠፋ። ከመውለዴ ሁለት ቀን በፊት፣ ወንድ ከሆነ የመጀመሪያውን ካናቴራ የምገዛለት እኔ ነኝ ብለህ እየሳቅህ ዘጋኸው፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም። ለፋሲካ እንኳ በባሌ ስልክ አልደወልክም። ባሌ የኔሰው የጎዴ ኔትወርክ ተበላሽቷል አለኝ። ቀጥሎ የእኔ ስልክ መስታወቱ ተሰንጥቋል ብሎ ለማሠራት ሞጣ ይዞት ሄደ፤ እነሆ አምስት ሳምንት ሙሉ እየተሠራ ነው። አንድ መስታወት ለመቀየር አምስት ሳምንት የሚፈጅ ባለሙያ በዓለም ላይ ካለ አንተ ፍረድ። ስለዚህ ወረቀት አነሣሁ። ደብዳቤውን የሥራ ባልደረባዬ ሃና አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ትሰጥልኛለች።

ዐቃቤ ሕጓ ደግሞ ልትጀምር ነው እንደምትል ይታወቀኛል። በልጅነታችን ስኳር የጎደለ ቀን የጣቶችህን ጫፍ አሽትቼ ስለያዝኩህ ያወጣህልኝ ስም ነው፤ አልክድም። ግን አሁን የምጽፍልህ ስለ ስኳር አይደለም። ስለ ትዳሬ ነው። ከመላው ዘመድ መካከል አንተን የመረጥኩህም ነገሩ የመጣው በካናቴራ ስለሆነ ነው፤ በካናቴራ ጉዳይ ደግሞ በቤታችን ካንተ በላይ ሊቅ የለም።

የሠርጌን ጠዋት አትረሳውም። የኔሰው ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መጥቶ፣ አንተ ገና ከበሩ ስታየው ወደ ጓዳ ጎትተኸው፣ ከሥር ለምን ምንም አላደረግህም ብለህ ሙሽራውን እንደ ተማሪ አቆምኸው። ሰው ነጭ ሸሚዝ ያለ ካናቴራ ሲለብስ ኮርኒስ የሌለው ቤት ይመስላል አልክ። ላብ ብብቱን ያበላሸዋል፣ ጡቱ ይታያል፣ ነገ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ተማሪ ይስቅበታል አልክ። እሱ ደግሞ ካናቴራ ላብ ያበዛል እንጂ አይቀንስም፣ እየተጠቀለለ ሆድ ላይ ይሰበሰባል፣ ሁለት ልብስ ደርቦ በጠራራ ፀሐይ መሄድ የፈሪ ሥራ ነው አለህ። እስከ መልሱ ቀን ድረስ ተከራከራችሁ። አንተ ግን ሸሚዝ የምንለብሰው ለሰው ነው፣ ካናቴራ ግን ለራስ ነው ብለህ ሁለት ነጭ ካናቴራ ከነላስቲኩ ገዝተህ ሰጠኸው። አንዱን በሁለተኛው ሳምንት ሳይክሉን ወለወለበት። ሁለተኛውን ሳይከፍተው እኔ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ስድስት ዓመት ሙሉ ጎዴን በሚያህል ምድጃ ውስጥ እንኳ ከነካናቴራህ እንደምትውል በነገርኩት ቁጥር ይስቅብህ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሰው ካናቴራ ጀመረ።

ባለፈው ዓመት ሞጣ ተዛውሮ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ዓርብ ማታ ይመጣል፣ እሑድ ከሰዓት በሚኒባስ ይመለሳል። እኔ በወለድኩ በአምስተኛው ቀን ድንገት ስልጠና ተጠራሁ ብሎ ሄዶ ሳምንት ሊሞላው ሲል መጣ፤ ፊቱ ከስቶ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ። ምን ዓይነት ስልጠና ነው ስለው ስለ ምዘና ነው አለኝ። ስለ ምዘና ሰልጥኖ ዓይኑ የሚጎደጉድ መምህር አይቼ አላውቅም። ለፋሲካ ነጭ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ዋለ። ዶሮው ሲበላ አላወለቀም፣ ሲተኛም አላወለቀም። ሲጎነበስ በኮሌታው በኩል ጥቁር ነገር አየሁ። ምንድን ነው ብለው ካናቴራ ነው፣ ሞጣ ይበርዳል አለ። ስድስት ዓመት ሳይበርደው የኖረውን ሰው ሚያዝያ ሲገባ በረደው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ራሱ ያጥበዋል። የገዛ መሐረቡን አጥቦ የማያውቅ ሰው ሳፋ ይዞ ከቤቱ ጀርባ ይሄዳል። አጥቦም እንደ ሰው ልብስ ገመድ ላይ አያሰጣውም፤ ከመኝታ ቤቱ በር ኋላ ሚስማር ላይ ይሰቅለውና ሳይደርቅ ይለብሰዋል። ስንት ገዛህ ስለው ሦስት አለኝ። ሦስት ከሆነ ለምን እርጥቡን ይለብሳል? እኔ እስካሁን የቆጠርኩት አንድ ብቻ ነው።

ለሃና አጫወትኳት። ሃና ከዲላ ተመድባ የመጣች፣ ከእኔ ጋር ሦስተኛ ክፍል የምታስተምር ናት፤ ነገር አታዟዙርም። ወንድ ልጅ ከመሬት ተነሥቶ ስለ ውስጥ ልብሱ ማሰብ ከጀመረ፣ ሸሚዙን ሲያወልቅ የምታየው አዲስ ሰው አለች ማለት ነው አለችኝ። ተሳሳቅን። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ነገሩን እያገላበጥኩ አመሸሁ። ይባስ ብሎ በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጣ ያ ሁሉ ጨዋታዋ የለም። ተይው ስርጉት፣ የኔሰው ጥሩ ሰው ነው፣ እኔ ዝም ብዬ ቀባጥሬ ነው አለችና እቅፍ አድርጋኝ ቆየች። ስትለቀኝ ዓይኗ እርጥብ ነበር። አጣርታ ደርሳበታለች ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና ለአፍታ እሷንም ጠረጠርኳት።

አማቴ እማማ ይርገዱ እኔን ለማረስ ከሞጣ መጥተው ከእኛው ጋር ናቸው። ገንፎውን፣ አጥሚቱን፣ የልጁን ገላ አንድም ቀን አላጎደሉብኝም፤ በዚህ አልከሳቸውም። ነገር ግን ልጃቸው ሲመጣ በዓይን ይነጋገራሉ፣ እኔ ስገባ ያቆማሉ። ዓይናቸው ቀልቶ ባገኘኋቸው ቁጥር ሽንኩርት ነው ይሉኛል፤ ወጥ በማይሠራበት ሰዓትም ሽንኩርት ነው። ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ከውጭ ሲመለሱ በመስኮት አየኋቸው። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እንደ ለቀስተኛ ለብሰውት ነበር። የግቢው በር ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና አውልቀው አስተካክለው ለብሰው፣ ፊታቸውን ጠራርገው ገቡ። ማን ሞተ ስላቸው የሞጣ ሰው ነው፣ አታውቂውም አሉኝ። የሞጣ ሰው ሞቶ ቢቸና ይለቀሳል? ስለ ልጃቸው ጉድ ሽማግሌ ሊለምኑ ሄደው እንደሆነ ገባኝ። ወይም የገባኝ መሰለኝ።

አባታችንም ቢሆኑ ነገሩ ውስጥ አሉበት። ከፋሲካ በኋላ ከጉንደ ወይን መጥተው ልጁን ታቀፉት። ብዙ ቆዩ፣ ከእጃቸው አላወረዱትም። እኔ እንደ ወጉ ስም እንዲያወጡለት ለመንኳቸው። በስም ጉዳይ እንዴት እንደሚራቀቁ ታውቃለህ፤ የጎረቤት ልጅ ስም ለማውጣት እንኳ ሦስት ቀን ይወስዱ ነበር። አሁን ግን አፍታም ሳይቆዩ ካሳሁን ይባል አሉኝ። የምን ካሳ ነው አባባ አልኳቸው። የምጥሽ አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ምጥ የሁሉም ሴት ነው፤ ለምጥ ካሳ ተብሎ የተሰየመ ልጅ ሰምቼ አላውቅም። አባቴ የባሌን ነገር ሰምተው፣ ላጣሁት ትዳር ልጄ ካሳ እንዲሆነኝ መመኘታቸው ነው ብዬ ሌላ ትርጉም አልሰጠሁትም።

ባለፈው እሑድ ትዕግሥቴ አለቀ። ሊሄድ ቦርሳውን ሲያነሣ በሩን ዘጋሁና ሸሚዝህን አውልቅ አልኩት። ኮሌታውን በእጁ ያዘው። የያዘበት አያያዝ፣ ሰው ሌባ እንዳይነጥቀው ኪሱን የሚይዝበት ዓይነት ነው። ስሟን ንገረኝና ይለይልን አልኩት።

«ከክርስትናው በኋላ፤ ሰኞ ጠዋት ሁሉንም ትሰሚዋለሽ። እስከዚያ አትጠይቂኝ፣ ስለ ልጁ ብለሽ» አለኝ።

ይኸው ነው። ልጁን እስካስጠምቅ ድረስ ከእንግዳ ፊት እንዳላዋርደው አስልቶ መሆን አለበት። እኔም የራሴን አስልቻለሁ። ልብሴንና የሕፃኑን ልብስ በሻንጣ ከትቼ አልጋው ሥር አስገብቻለሁ። ሰኞ ሊነግረኝ ሲመጣ እኔ ልጄን አዝዬ ጉንደ ወይን አባታችን ቤት እገባለሁ። ግን እንዳልቸኩልም ፈራሁ። አንተ እንደ ዳኛ ሆነህ ንገረኝ። ሰው በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ካናቴራ የሚጀምረው ለምንድን ነው? ልሂድ ወይስ ልቆይ? ልጁ እየተነሣ ነው፣ ቀሪውን ነገ እጨርሰዋለሁ።

ቢቸና፣ ሐሙስ ግንቦት 7 ቀን።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ትናንት መጻፍ አልቻልኩም፤ ለድግሱ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። አሁን እየጻፍኩ ያለሁት ልጁን ታቅፌ በአንድ እጄ ስለሆነ ፊደሌ ቢበላሽ አትታዘበኝ።

የኔሰው ጠዋት በግ ሊገዛ ገበያ ሄዶ፣ እየጎተተ አምጥቶ፣ ቀትር ላይ ደክሞት ከነሸሚዙ አልጋው ላይ ተዘርግቶ እንቅልፍ ወሰደው። እማማ ይርገዱ ከሴቶቹ ጋር ጓሮ ነበሩ። በሩን ገርበብ አደረግሁና አጠገቡ ተቀምጬ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታኋቸው። የሽቶ ሽታ ብጠብቅም የሸተተኝ ሳሙና ነው። የሴት ጸጉር ብፈልግም አጣሁ። ከዚያ ካናቴራውን አየሁት።

ጥቁር ነው፤ ግን የሱቅ ጥቁር አይደለም። ሆዱ ላይ ጠቁሮ ትከሻው ላይ ዐመድማ ሆኗል። ስፌቱ ደግሞ፣ አንገቱ ዙሪያና ብብቱ ሥር ያለው ክር፣ ቦግ ብሎ ነጭ ነው። ወንድምዓለም፣ ይህን ነገር እኔና አንተ እናውቀዋለን። እናታችን ያረፈች ጊዜ አክስታችን በትልቁ ድስት ቀለም በጥብጣ የሁላችንንም ልብስ ስትነክር፣ ጥጡ ጠቁሮ የናይለን ክሩ ነጭ ሆኖ ቀርቶ፣ አንተ ተማሪው ሁሉ ስፌቴን ይቆጥርብኛል ብለህ አለቀስክ። ስለ እናታችን ያለቀስክ መሆኑን አውቄ ስለ ስፌቱ አባበልኩህ። አሥራ ሁለት ዓመትህ ነበር።

ሳጥኑን ከፈትኩ። አንተ የሰጠኸው የሁለተኛው ካናቴራ ላስቲክ እዚያው አለ። ባዶ ነው።

ሴት ለወዳጇ ጥቁር ካናቴራ ትገዛለት ይሆናል፤ ነጩን አቅልማ ግን አትሰጠውም። ነጭ የሚቀለመው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ለማን ነው ብዬ ጣቴን መቁጠር ጀመርኩ። አባታችን ከፋሲካ በኋላ መጥተው አይቻቸዋለሁ። እማማ ይርገዱ ጓሮ ናቸው፣ ድምፃቸው ይሰማኛል። የእሱ ወንድሞችና እህቶች ለነገው ድግስ ትናንት ገብተዋል። የሞተው የእሱ ዘመድ ቢሆን ከላይ ይለብሰው ነበር እንጂ ከእኔ የሚደብቀው ምን አለ? ቆጥሬ ቆጥሬ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ።

ከዚያ ሁሉም ነገር በየቦታው ገባ። ስልኬ የተወሰደው ማንም ደውሎ እንዳያረዳኝ ነው። ስልጠናው የምዘና ሳይሆን ያንተ ቀብር ነው። ሃናም ሰምታ ነው ያቀፈችኝ። የእማማ ነጠላ ላንተ ነው የተዘቀዘቀው። ሰኞ ጠዋት የሚሆነው መርዶ ነው፤ ልጁ አርባው ሞልቶ እስኪጠመቅ፣ ድንጋጤው ወተቴን እንዳያደርቀው ብለው አምስት ሳምንት ሙሉ አፋቸውን ይዘዋል። አባታችን ልጃቸውን ቀብረው መጥተው፣ ሳያለቅሱ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው፣ ካሳሁን አሉት። እኔ ለዚያ ስም ያሰብኩትን ሳስበው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

ልንገርህ፣ ተናድጃለሁ። አንተ ስትቀበር እኔ እዚህ አልጋ ላይ የአራስ ገንፎ እየበላሁ ቅቤው አነሰ ብዬ አኩርፌ ነበር። አገር ሙሉ አልቅሶልህ የገዛ እህትህ አላለቀሰችልህም። ለፋሲካ አልደወለም ብዬ ተቀይሜህ ነበር። እንዴት እንደሄድክ እንኳ አላውቅም፤ ወባው ይሁን መንገዱ ይሁን ሌላ፣ ሰኞ እሰማዋለሁ። የት እንዳረፍክም አላውቅም፤ አባታችን ከአጠገባቸው እንዳላራቁህ ተስፋ አደርጋለሁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ስሟን ንገረኝ ስለው የኔሰው ኮሌታውን የያዘበት እጅ ነው። ስሙ ያንተ ነበር፣ አልወጣ ብሎት።

ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ያን ጊዜ ልጁ አለቀሰ። አንሥቼ አጠባሁት። ወተቱ አልደረቀም፤ እንባዬ ፊቱ ላይ እየወረደ ዝም ብሎ ይጠባል። ሲጨርስ የኔሰው ገና እንደተኛ ነበር። ቁልፎቹን ከታች ጀምሬ አንድ በአንድ መለስኳቸው፤ የአንገቱን ጭምር። ሻንጣውን ከአልጋው ሥር አውጥቼ ልብሱን ወደ ቦታው መለስኩ። ማንም አላየኝም።

አልነግራቸውም። ይህን ሁሉ ቀን ለእኔ ሲሉ የተሸከሙትን ሁለት ቀን ሲቀረው ከጀርባቸው ላይ አላወርደውም። ነገ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ልጄን ታቅፌ ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ፤ እልል ሲሉ እልል እላለሁ። ከሥር ግን ጥቁር የውስጥ ቀሚሴን አደርጋለሁ፤ አውጥቼ ማንም እንዳያየው ከነጩ ሥር አጥፌ አስቀምጬዋለሁ። ሰኞ ንጋት ላይ ሰብሰብ ብለው ሲመጡ ግን እንዳልሰማ ሆኜ እቀመጥና፣ የቀረብኝን ሁሉ አለቅስልሃለሁ። ለየኔሰው እንደጠረጠርኩት አንድ ቀን እነግረው ይሆናል። ይቅር ይለኛል፤ ከዚህ በኋላ ምን ሲያደርግ ባየው የምጠረጥረው አይመስለኝም።

በሐሙሱ ደብዳቤ ዳኛ ሁነኝ ብዬህ ነበር። ፍርዱን ራሴ ጻፍኩት፤ እቆያለሁ። የእናንተን የድሮውን ክርክር ደግሞ አንተ ረትተሃል። ሸሚዙ ለእኔ ነበር። ካናቴራው ላንተ።

አባታችን በሰላምታ ያልተዘጋ ደብዳቤም ስለሚቀድዱ ልሰናበትህ። የኔሰው ሳያፍር ሰላም ይልሃል፤ አንተ ባትሰማውም በየሳምንቱ አጥቦ ሲለብስህ ነው የከረመው። እማማ ይርገዱ በተዘቀዘቀ ነጠላቸው ሰላም ይሉሃል። ሃና ሰላም ትልሃለች። አባታችን መሪጌታ ሰላም ይሉሃል፣ ወደ ግድግዳ ዞረው። ያንተ ምትክ እንዲሆን የተጠየቀው፣ ነገሩ ገና ያልገባው ካሳሁን ሰላም ይልሃል። ካናቴራውን ያልገዛህለት መሆኑን እኔ ሳድግ እነግረዋለሁ ልል ነበር፤ እሱ ሲያድግ ማለቴ ነው። ወይዘሮ ሐሊማንና ውሻውን እዚያ ማን እንዳጽናናቸው አላውቅም። አንተ ደግሞ ካለህበት ሆነህ እናታችንን ወለተ ኢየሱስን ሰላም በልልኝ፤ ስፌቱን ማንም እንዳልቆጠረብህ ንገራት።

ደብዳቤውን ለሃና አልሰጣትም። አጥፌ በባዶው ላስቲክ ውስጥ ከትቼ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

እህትህ ስርጉት ወልደ ኪዳን
ቢቸና፣ ቅዳሜ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.